ለሃምሳ ሰው ጌጥ፦ የበዓል ማስጌጫና የአሮጌ ዕቃ ገበያ ታሪክ



የፈረንጆቹ ገና ባለፈ ማግስት፣ ዲሴምበር 26 ቀን ማለዳ፣ አራት አምስት ሆነን አንድ መኪና ውስጥ ተጠጋግተን ወደ ገበያ መውጣት ከለመድን ዓመታት አልፈዋል። ትናንት በሙሉ ዋጋው ተሰቅሎ የነበረው ማስጌጫ በዚያ ጠዋት በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ሳምንት ያህል ለታገሠ ደግሞ ዋጋው እስከ ሩብ ይወርዳል። ኳሱ፣ መብራቱ፣ ሻማው፣ በር ላይ የሚሰቀለው ጉንጉን ሁሉ በጋሪ ተከምሮ ገዢ ይጠብቃል። ለባለ ሱቁ በዓሉ አልቋል። ለእኛ ግን ገና ገና ነው።

ከዚያ ወጥተን ያገለገለ ዕቃ ወደሚሸጥበት፣ ሁላችንም "ትሪፍት ስቶር" ወደምንለው ቤት ጎራ እንላለን። እዚያ ደግሞ የሌላ ሰው አያት ለሃምሳ ዓመት ዛፏ ላይ የሰቀለችው ኳስ፣ የናስ ትሪ፣ ለሲኒ የሚሆኑ ትናንሽ ስኒዎች፣ ረከቦት የሚያስቀምጡበት ዝቅ ያለ ጠረጴዛ በጥቂት ዶላር ይገኛል።

ባለፈው ዓመት ያመጣነውን ስንከፋፈል የአንዲት እህታችን ልጅ ካርቶኖቹን በመክፈት ያግዘን ነበር። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከአንዱ ካርቶን ውስጥ አሮጌ የብርጭቆ ኳስ አወጣ። ቆቡ እንደሌሎቹ ከብረት ሳይሆን ከካርቶን የተሠራ ነበር። አገላብጦ አየውና፣ "የእኛ ገና የእነሱ ትራፊ ነው እንዴ?" ብሎ ጠየቀ።

እናቱ ልትቆጣው ቃጥቷት ነበር፤ ነገር ግን ሁላችንም ዝም አልን። ጥያቄው የልጅ ቢሆንም ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር በመጣንበት ጊዜ በሆዳችን የያዝነው ጥያቄ ነበርና። ሰው በጣለው ሶፋ ላይ ስንቀመጥ፣ ሰው በለበሰው ካፖርት ክረምትን ስናልፍ፣ ለእንግዳ "ከየት ገዛችሁት?" የሚለውን ጥያቄ ስንሸሽ የኖርነው በዚሁ ስሜት ነው። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ልጅ ያዘጋጀነው መልስ ነው። የዕቃዎቹን ታሪክ ተከትለን ሄድን፤ ያገኘነውንም ለእናንተ እናካፍላለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሥራ ሦስቱ ቀናት

መጀመሪያ ቀኑን እንይ። በ1582 የሮማው ሊቀ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ የዘመን አቆጣጠሩ ከፀሐይ ጉዞ ጋር አልገጥም ስላለ አሥር ቀናት ተዘልለው አዲስ አቆጣጠር እንዲጀመር አደረጉ። የእኛን ጨምሮ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት በቀድሞው ሒሳብ ጸኑ። ልዩነቱ በየጊዜው እየሰፋ ከ1900 ወዲህ አሥራ ሦስት ቀን ሆኗል። የእኛ ገና በታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ በታኅሣሥ 28 ይከበራል፤ በሁለቱም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 ላይ ይውላል።

እዚህ አገር ልጅ ለሚያሳድግ ሰው እነዚህ አሥራ ሦስት ቀናት ቀላል አይደሉም። እኛ በዓላችንን ለማክበር ስንዘጋጅ ጎረቤቶቻችን ዛፋቸውን አውጥተው ለቆሻሻ መኪና መንገድ ዳር ያስቀምጣሉ። ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ ሥራ ተጀምሯል። ልጆቻችን ከጾመ ነቢያት ፍቺ በፊት የጓደኞቻቸው ስጦታ ተከፍቶ፣ ዘፈኑ ቆሞ፣ መብራቱ ጠፍቶ ያያሉ። "ትራፊ" የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ ነው። ይሁን እንጂ በዓላችን የዘገየው ማንንም ጠብቆ አይደለም፤ ሒሳቡ ከጎርጎርዮስ በፊት የነበረ ነው። ዋጋው የሚቀንሰው የሱቁ ቀን ስላለፈ ነው፤ የእኛ ቀን በዚህ አይነካም።

ዛፉና የሴቶቹ ባዛር

የገና ዛፍ በመጀመሪያ የጀርመኖች ልማድ ነበር። እንግሊዝ አገር ጎልቶ የታወቀው ንግሥት ቪክቶሪያና ጀርመናዊው ባለቤታቸው ልዑል አልበርት ከልጆቻቸው ጋር በዛፍ ዙሪያ ቆመው የሚያሳይ ሥዕል በ1848 በአንድ የለንደን ጋዜጣ ከወጣ በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሣራ ጆሴፋ ሄል የምታዘጋጀው "ጎዲስ ሌዲስ ቡክ" የተባለው የአሜሪካ ሴቶች መጽሔት ያንኑ ሥዕል አተመው። ሲያትመው ግን የንግሥቲቱን ዘውድና የልዑሉን ሪዝ አጥፍቶ ተራ አሜሪካዊ ቤተሰብ አስመሰላቸው። የንጉሥ ቤት ልማድ በአንድ የሴቶች መጽሔት በኩል ወደ ተራ ሰው ሳሎን ገባ ማለት ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎም በቦስተን አካባቢ ዛፍ ካስጌጡት አንዱ የሃርቫርድ የጀርመንኛ መምህር የነበረው ስደተኛው ቻርልስ ፎለን ነበር። ፎለንና ባለቤቱ ኤላይዛ ባርነትን ይቃወሙ ነበር። በ1835 ቤታቸው የነበረችው እንግሊዛዊቷ ጸሐፊ ሃሪየት ማርቲኖ ሻማ የተለኮሰበትን ዛፋቸውን አይታ በመጽሐፏ ገልጻዋለች።

ለእንደኛ ዓይነት ማህበር ከዚህም የሚቀርብ ታሪክ አለ። የቦስተን ሴቶች ፀረ ባርነት ማህበር አባላት ከ1834 ጀምሮ በገና ሰሞን ባዛር ያዘጋጁ ነበር። የመጀመሪያውን ካነሣሡት አንዷ ሊዲያ ማሪያ ቻይልድ ስትሆን፣ ለብዙ ዓመታት የመራችው ማሪያ ዌስተን ቻፕማን ነበረች። አዳራሹን በለመለመ የዛፍ ቅርንጫፍ ያስጌጡና በእጃቸው የሠሩትን ጥልፍ፣ ቦርሳ፣ የመርፌ መያዣና የልጆች ልብስ ይሸጣሉ። በእንግሊዝ ያሉ ሴቶችም ዕቃ በመርከብ ይልኩላቸው ነበር። ገንዘቡ የፀረ ባርነት ጋዜጣ ማሳተሚያና የተናጋሪዎች መንገድ ማስኬጃ ይሆናል። በ1833 የተመሠረተውና ጥቁርና ነጭ ሴቶች በአንድነት የተሰባሰቡበት የፊላደልፊያው ማህበርም ከ1836 ጀምሮ ተመሳሳይ ባዛር በየዓመቱ አካሂዷል።

በዚያ ዘመን እነዚህ ሴቶች የመምረጥ መብት አልነበራቸውም። አብዛኞቹ ባለትዳሮች በስማቸው ገንዘብ መያዝ እንኳ በሕግ አይፈቀድላቸውም ነበር። የነበራቸው መርፌ፣ ክር፣ የበዓል ሰሞንና እርስ በርስ መተማመን ነው። በዚያ የሰበሰቡት ሳንቲም የባርነትን ሰንሰለት ለመበጠስ ከረዱት እጆች አንዱ ሆነ። በገና ሰሞን ማስጌጫ መሸጥና መግዛት እንደ ከንቱ ነገር ለሚቆጠርበት ሰው ይህን ማስታወስ ይበቃል።

በላውሻ መንደር ያሉ እጆች

ልጃችን የያዘው የብርጭቆ ኳስ ግን ታሪኩ ከሌላ ቦታ ይነሣል። ጀርመን አገር፣ በቱሪንጂያ ተራሮች መካከል፣ ላውሻ የምትባል መንደር አለች። በ1597 የብርጭቆ ማቅለጫ ከተቋቋመባት ጊዜ አንስቶ ሕዝቧ በብርጭቆ ሥራ ይተዳደር ነበር። ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ለዛፍ የሚሰቀሉ ኳሶችን መሥራት ጀመሩ። በ1867 መንደሯ የጋዝ ማምረቻ ስታገኝ የተስተካከለ ብርቱ ነበልባል ስለተገኘ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳ ኳስ መንፋት ተቻለ።

ሥራው የሚሠራው በየቤቱ ነበር። አባት የብርጭቆውን ቱቦ በነበልባል አሙቆ በትንፋሹ ይነፋዋል። እናት በኳሱ ውስጥ የብር ውህድ አፍስሳ እየነቀነቀች እንደ መስተዋት ታብለጨልጨዋለች። ልጆች ቀለም ውስጥ ነክረው ምስማር በተመታበት ሳንቃ ላይ ሰቅለው ያደርቁታል፤ ሲደርቅም ቆቡን ይገጥሙለታል። ከበዓሉ በፊት ባሉት ወራት ሥራው እስከ ሌሊት ይዘልቅ ነበር። ከዚያም ሴቶቹ የተሠራውን በትልቅ ቅርጫት ጀርባቸው ላይ አዝለው ነጋዴዎች ወዳሉባት ወደ ሶነበርግ ከተማ በእግራቸው ይወርዳሉ። እኛ ይህን ስንሰማ ዓይናችን ላይ የመጣችው እንጨት ተሸክማ ከእንጦጦ የምትወርደው እናት ናት። ሸክሙ ቢለያይም ቁልቁለቱ አንድ ነው።

ዋጋውን የሚወስነው ነጋዴው ነበር። ቤተሰብ ሙሉ ሌት ተቀን ሠርቶ የሚያገኘው ለዳቦና ለድንች ያህል ነው። ኳሱ ርካሽ የሆነው ሥራው ቀላል ስለነበር አይደለም፤ የሠሪዎቹ ድካም በርካሽ ስለተገዛ ነው።

አምስት ሳንቲም የሚሸጥበት ሱቅ

ፍራንክ ዉልወርዝ የተባለ የገበሬ ልጅ በ1879 በፔንስልቬንያ ግዛት፣ በላንካስተር ከተማ፣ ሁሉም ነገር በአምስት ሳንቲም የሚሸጥበት ሱቅ ከፈተ። በዓመቱ አንድ የፊላደልፊያ አስመጪ የጀርመን የብርጭቆ ኳሶችን እንዲወስድለት ለመነው። ዉልወርዝ ሰው ለዚህ ገንዘብ አያወጣም ብሎ እምቢ አለ። ካልተሸጠ ዕቃው እንደሚመለስ ቃል ሲገባለት የ25 ዶላር ያህል ብቻ ወሰደ። በሁለት ቀን አለቀ። በሚቀጥለው ዓመት ብዙ አዘዘ፤ በ1890 ደግሞ ራሱ ወደ ጀርመን ተጓዘ። የሠሪዎቹን ድህነት በዓይኑ አይቶ ለሱቆቹ ኃላፊዎች በደብዳቤ ገልጾላቸዋል። ድህነቱን ማየቱ ግን ንግዱን አላስቆመውም።

ለአሜሪካ ድሃ ቤተሰብ የእሱ ሱቅ ትልቅ በር ከፍቷል። ቀድሞ የባለጸጋ ቤት ጌጥ የነበረው ነገር በአምስትና በአሥር ሳንቲም ለልብስ አጣቢዋና ለፋብሪካ ሠራተኛው ደረሰ። ሆኖም ይህ በር ለሁሉ እኩል አልነበረም። በደቡብ ግዛቶች ጥቁሮች በዉልወርዝ ሱቅ ዕቃ መግዛት ይችሉ ነበር፤ በሱቁ የምሳ ባንኮኒ ላይ ግን መቀመጥ አይፈቀድላቸውም ነበር። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1960 አራት ጥቁር ተማሪዎች በሰሜን ካሮላይና፣ በግሪንስቦሮ ከተማ ባለው የዉልወርዝ ባንኮኒ ላይ ተቀምጠው አንነሣም አሉ። ከእነሱ በኋላ መቶዎች ተከተሉ። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ባንኮኒው ለሁሉም ተከፈተ። ከዚያ ባንኮኒ የተወሰነው ክፍል ከነወንበሮቹ ዛሬ በዋሽንግተን ዲሲ በአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ይታያል። መግቢያው ነጻ ስለሆነ ልጆቻችንን ይዘን ብንሄድ መልካም ነው። ገንዘብን ተቀብሎ ሰውን የማይቀበል ገበያ እንደነበር፣ ያም በትዕግሥትና በድፍረት እንደተለወጠ ማወቅ አለባቸው።

የካርቶኑ ቆብ

አሁን ወደ ልጁ ኳስ እንመለስ። ጀርመናዊው ተወላጅ ማክስ ኤካርት ኳስ ከላውሻ እያስመጣ አሜሪካ ውስጥ ይሸጥ ነበር። ጦርነት እንደሚነሣና መንገዱ እንደሚዘጋ ስለገባው "ሻይኒ ብራይት" የተባለውን ድርጅት በ1937 አቋቋመ፤ ኮርኒንግ የተባለውን የአሜሪካ የብርጭቆ ኩባንያም አምፖል በሚያመርትበት መኪና ኳስ እንዲሠራለት አግባባ። በ1939 የመጀመሪያዎቹ ከ235,000 በላይ ኳሶች ወጡ፤ ገዢውም ያው ዉልወርዝ ነበር። በ1940 ምርቱ በቀን 300,000 ያህል ደረሰ። በላውሻ አንድ ቤተሰብ ሲለፋበት የከረመውን መኪናው በአጭር ጊዜ ያወጣው ጀመር።

ጦርነቱ ሲመጣ ብረትና ኬሚካል ሁሉ ለወታደሩ ሆነ። ስለዚህ ኳሶቹ ከውስጥ መብለጭለጫቸውን አጡ፤ ብርጭቆው እንዳለ ሆኖ ቀጭን የቀለም መስመር ብቻ ይሰመርበታል። የብረት ቆብ ቀርቶ የካርቶን ቆብ ተተካ። ልጃችን የያዘው ኳስ ይህ ነው። ያ የካርቶን ቆብ የጉድለት ዘመን ምልክት ነው፤ ባሎቻቸውና ወንድሞቻቸው ጦር ሜዳ የነበሩ እናቶች ባለው ነገር በዓሉን እንዳከበሩ ይመሰክራል። ዛሬ አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች ሆነ ብለው የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ እህቶቻችን፣ ያገለገለ ዕቃ ቤት ስትገቡ ሳጥኑንና ቆቡን ሳታዩ አትለፉ። ከ1891 ወዲህ በአሜሪካ ሕግ መሠረት ከውጭ የገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ይጻፍበታል። "ምዕራብ ጀርመን" የሚል ጽሑፍ ካለው ዕቃው አገሪቱ ተከፍላ በነበረችበት በ1949 እና በ1990 መካከል የተሠራ ነው። "በተያዘች ጃፓን የተሠራ" የሚል ካለ ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ እስከ 1952 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። በአንድ ዶላር የተገዛ ኳስ የዓለም ታሪክ ተጽፎበት ሊገኝ ይችላል።

ዋጋው ወድቆ የሚነሣ ዕቃም አለ። በ1959 በዊስኮንሲን ግዛት፣ በማኒቶዎክ ከተማ ያለ አንድ ፋብሪካ ከአሉሚኒየም የተሠራ የገና ዛፍ ማምረት ጀመረ። ዛፉ ብረት ስለሆነ ኤሌክትሪክ እንዳይዝ መብራት አይሰቀልበትም፤ ከሥሩ የሚሽከረከር ባለ ቀለም መብራት ይበራበታል። ለጥቂት ዓመታት ሁሉም ገዛው፤ ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ ደግሞ እንደ መሳቂያ ተቆጠረና በየጓሮው ሽያጭ በሳንቲም ተጣለ። ዛሬ ያንኑ ዛፍ የሚፈልጉ ሰዎች በብዙ እጥፍ ዋጋ ይገዙታል። ዛፉ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ያው ነበር፤ የተለወጠው የሰው ዓይን ነው።

አሮጌ ዕቃና የሰው ክብር

አገራችን ሳለን "ልዋጭ!" እያለ በየሰፈሩ የሚዞረውን ሰው ሁላችንም እናስታውሳለን። እናቶቻችን አሮጌ ልብስ ሰጥተው የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ብርጭቆ ይወስዱ ነበር። "ቆራሌው" ደግሞ ጠርሙሱን፣ ቆርቆሮውንና የተቀደደውን ጫማ ይሰበስባል። ያን ጊዜ ማንም ልዋጭን እንደ ውርደት አይቆጥረውም ነበር፤ ክርክሩም ራሱ ጨዋታ ነበር።

እዚህ አገር ያገለገለ ዕቃ መደብር ታሪኩ ከሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ሳልቬሽን አርሚ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሥራ ያጡ ሰዎችን አሰማርቶ ከየቤቱ የተጣለ ዕቃ እያሰባሰበ መሸጥ ጀመረ። በ1902 ደግሞ በቦስተን ስደተኞች በሚኖሩበት ድሃ ሰፈር ያገለግል የነበረው የሜቶዲስት ቄስ ኤድጋር ሄልምስ ጆንያ ይዞ ባለጸጎች ወደሚኖሩበት ሰፈር እየሄደ አሮጌ ልብስና የቤት ዕቃ ይለምን ጀመር። ያመጣውን በነጻ አላከፋፈለም። የሰፈሩን ችግረኞች ቀጥሮ ልብሱን አስጠገነ፣ ወንበሩን አስጠረበ፣ ጫማውን አሰፋ፤ የተጠገነውን ለዚያው ሰፈር ሰው በትንሽ ዋጋ ሸጠ፤ ከሽያጩም የሠራተኞቹን ደመወዝ ከፈለ። ዛሬ ጉድዊል የሚባለው ድርጅት የተወለደው እንዲህ ነው።

ሄልምስ የገባው ነገር እኛም በኑሮ የተማርነው ነው። ሰው ምጽዋት ሲቀበል ዓይኑን ይሰብራል፤ ሁለት ዶላርም ቢሆን ከኪሱ አውጥቶ ሲገዛ ግን መርጦ፣ ተከራክሮ፣ "ይህ አይሆነኝም" ብሎ የመተው መብት አለው። ባዶ አፓርታማ ውስጥ በፍራሽ ብቻ ኑሮ የጀመረች እህት ከእኛ ጋር ሄዳ በራሷ ገንዘብ መጋረጃና የቡና ስኒ መርጣ ስትመለስ ፊቷ ላይ የምናየው ይህን ነው። ቤቷን የሞላው ዕቃ አሮጌ ቢሆንም ምርጫው የራሷ ነው።

ከስህተታችን የተማርነው

ሁልጊዜ ጥሩ ገዝተናል ብለን አንመካም። አንድ ዓመት የዋጋ ቅናሽ ወረቀት አሳስቶን ከአንድ ሱቅ አሥራ አንድ ካርቶን መብራት አነሣን። ቤት ስንደርስ ግማሹ አይበራም፤ ዕቃው አይመለስም ተብሎ ስለተሸጠ ገንዘባችን ቀረ። በሌላ ጊዜ ደግሞ እንደ ብር ክር የሚያብለጨልጭ አሮጌ የዛፍ ማስጌጫ አግኝተን ለሕፃናት ክፍል ልንሰቅለው ስንል አንዲት ነርስ አባላችን አስቆመችን። ያ ክር በቀድሞው ጊዜ ከእርሳስ ማዕድን ይሠራ ነበር፤ ከገበያ እንዲወጣ የተደረገው በ1972 ነው። በ1930ዎቹና በ40ዎቹ ለዛፍ ይረጭ የነበረው ሰው ሠራሽ በረዶ ደግሞ አንዳንዱ አስቤስቶስ ነበር። ከ1978 በፊት የተቀባ አሻንጉሊትም ቀለሙ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል።

ከእነዚህ ተነሥተን የተስማማንባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። መብራት ሱቁ ውስጥ ሰክተን ካላየነው አንገዛም። ሽቦው የተላጠ አሮጌ መብራት በነጻም ቢሰጠን አንወስድም። አሮጌ የሸክላ ሳህን ለግድግዳ ጌጥ ይሆናል እንጂ ወጥ አይቀርብበትም። ቀለሙ የሚላላጥ አሻንጉሊት ሕፃን እጅ አይገባም። "70 በመቶ ቅናሽ" የሚል ወረቀት ስናይ የምንጠይቀው ስንት ዶላር እንደቀነሰ ሳይሆን ለማን ቤት እንደሚሆን ነው። ለማን እንደሚሆን ያልታወቀ ዕቃ በሩብ ዋጋም ውድ ነው።

ለሃምሳ ሰው ጌጡ

አበው "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይላሉ። የእኛ የዲሴምበር 26 ገበያም በዚሁ ብሂል ይመራል። አንዲት ሴት ብቻዋን አሥር ካርቶን ኳስ ብትገዛ የምታስቀምጥበት አጥታ ይጨንቃታል። ማህበሩ በአንድነት ሲገዛው ግን ለየቤቱ ጥቂት ጥቂት ይደርሳል፤ የተረፈው የጃንዋሪ 7 ምሽት ለምንሰበሰብበት አዳራሽ ይሆናል። አዲስ ለመጣች እናት ቤት አንድ ካርቶን ሁልጊዜ ይቀመጣል። ደጋፊዎቻችን ከየቤታችሁ የሰጣችሁንም ዕቃ በዚሁ መንገድ እናደርሳለን፤ ስጦታችሁ በየትኛው ሳሎን እንደተሰቀለ ብታዩ ደስ ይላችሁ ነበር።

ለልጁ የሰጠነው መልስ እነሆ። ያንን ኳስ ይዘን አጠገባችን አስቀመጥነውና ስለ ላውሻ እናቶች፣ ጦርነቱ ስላመጣው የካርቶን ቆብ፣ ለባርነት መጥፋት ጥልፍ ስለሸጡት ሴቶች፣ ባንኮኒው ላይ ተቀምጠው አንነሣም ስላሉት ተማሪዎች ነገርነው። "ትራፊ ማለት በልቶ የጠገበ ሰው የሚተወው ነው" አልነው። "ይህ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ መጥቶ አሁን አንተ ጋ የደረሰ ነው። ከአንተ በኋላም የሚረከበው አለ።"

ብዙ አልተናገረም። ኳሱን አንሥቶ የካርቶን ቆቡ እንዳይቀደድ በሁለት ጣቱ ያዘና ዛፉ ላይ፣ ሁሉም ሰው ሊያየው በሚችልበት ቦታ ሰቀለው። ከሥሩ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፤ ቡናው እየተቆላ ነበር። ከመስኮቱ ውጭ የጎረቤቶቻችን ዛፎች መንገድ ዳር ተጥለው ይታዩ ነበር።

ዘንድሮም በዲሴምበር 26 ማለዳ እንወጣለን። መኪና ያላችሁ ቦታ ያዙልን፤ መኪና የሌላችሁ ደግሞ ደውሉልን። በየቤታችሁ የማትጠቀሙበት ያልተሰበረ ማስጌጫ፣ ስኒ፣ ትሪ ወይም መጋረጃ ካለ ከገና ሳምንት በፊት አድርሱን፤ የምትጠብቀው እህት አለች።

መልካም የገና በዓል ይሁንልን።